ሰው እያለቀ ለእንስሳ ማዘን፦ ሐዘኑ ከየት ይመጣል? ዲናችንስ ምን ያስተምረናል?

ከጦርነት አካባቢ በሚወጡ ምስሎች ውስጥ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ከፍርስራሹ ሥር ድመቱን አውጥቶ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያለቅሳል። ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትይዝ የተሰደደች ልጅ ወፏን ከነማኖሪያዋ አንጠልጥላ ትሄዳለች። አህያው የወደቀበት አባወራ ከቆመው ጋሪ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ምስል ሲመጣ በመካከላችን ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንዱ «አላህ ይተካለት» ብሎ አብሮ ያዝናል። ሌላው ደግሞ «ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ለድመት ይለቀሳል?» ብሎ ይቆጣል።

ሁለተኛው ድምፅ ከክፋት የመጣ ነው አንልም። ልጆች በሚቀበሩበት አገር የእንስሳ ለቅሶ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጁን የቀበረው ያው ሰው በማግስቱ ለሞተችበት አህያ ሲያነባ ብናይ ምን እንላለን? በዚህ ጽሑፍ የሰው ልጅ ለእንስሳ ለምን ይህን ያህል እንደሚያዝን፣ ጦርነት ሐዘኑን ለምን እንደሚያከብደው፣ ለሰው ከማዘን ጋር ይጋጭ እንደሆነ እና ከነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ምን እንደምንማር እንመለከታለን።

እኛ ዘንድ ከብት ስም አለው

ለእንስሳ ማዘን የከተማ ሰው ወይም የውጭ አገር ፋሽን የሚመስለን ካለን፣ ወደ ወላጆቻችን ቀዬ መለስ ብለን እንይ። ገበሬው በሬውን እንዲሁ «በሬ» ብሎ አይጠራውም። ቦራ፣ ዳለቻ፣ ወይኖ እያለ በመልኩ ስም ያወጣለታል፤ ሲያርስ ያነጋግረዋል፣ ያባብለዋል፣ ይቆጣዋል። አርብቶ አደሩም ግመሉን ከነእናቷና ከነዘሯ ለይቶ ያውቃታል። እናት የሞተችባቸውን ልጆች ያሳደገችውን የላሜ ቦራን ተረት ሰምቶ ያላደገ ልጅ ጥቂት ነው፤ ላሟ እንድትታረድ የእንጀራ እናት ስትጠይቅ ያላዘነም አይኖርም።

በታሪካችንም ፈረስ ከባለቤቱ ስም ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረስ ስማቸው ነው። የጅማው ሙስሊም ንጉሥ አባ ጅፋርም በታሪክ የታወቁበት ስም የፈረስ ስም ነው። ጀግና በፈረሱ ስም ሲፎከርለት በሚኖርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ፈረሱ የሞተበት ሰው ከፊል ማንነቱን አጥቷል ማለት ነው።

የዚህን ሐዘን ክብደት ከሁሉ በላይ የሚያሳየን «ክፉ ቀን» ተብሎ የሚታወቀው ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል ከውጭ በገቡ ከብቶች አማካይነት የገባው የከብት ወረርሽኝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉን እንደፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረኃብ ገባ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ለሕዝቡ አርአያ ለመሆን ዶማ ይዘው መሬት እንደቆፈሩ ይነገራል። ያ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያ ዘመን በሬው ለሞተበት ገበሬ «ለከብት ይለቀሳል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። የበሬው ሞት ለቤተሰቡ ሞት ቀዳሚ መልእክት እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። በቅርብ ዓመታትም በሶማሌ ክልልና በቦረና በደረሰው ድርቅ ከብቶቻቸው በዓይናቸው ፊት ያለቁባቸው ወገኖቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፦ ለብዙ ሰው እንስሳ ማለት የዕለት እንጀራ፣ የሥራ ባልደረባ እና የቤት አባል በአንድ ላይ ነው። ሲሞት ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ።

ለማይጠቅም እንስሳስ ለምን እናዝናለን?

ከላይ ያልነው ለበሬና ለግመል ይሠራል። ለድመትና ለወፍስ? እነሱ አያርሱ፣ አይጫኑ። እዚህ ላይ ሐዘኑ የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው።

አንደኛው ምክንያት ልማድ ነው። ጠዋት ስንነሣ የምትጠብቀን፣ ማታ ስንገባ እግራችን ሥር የምትሽከረከር ድመት ቀናችንን ከነጓዙ ትይዘዋለች። ስትሞት የምናጣው ያን ሁሉ ትንንሽ ሰዓት ነው። ምግብ የምናስቀምጥበት ጥግ ባዶ ሆኖ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ሞቷን ያስታውሰናል።

ሁለተኛው አካላችን ውስጥ ያለ ነገር ነው። እናት ልጇን ስታቅፍ በሰውነቷ ውስጥ የሚጨምር ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን አለ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ውሻና ባለቤቱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ይኸው ሆርሞን በሁለቱም ላይ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ልብ «ይህ እንስሳ ነው፣ ይህ ሰው ነው» ብሎ ሁለት ዓይነት መውደጃ አላበጀም ማለት ነው። አንዱ የፍቅር መንገድ ለሁለቱም ያገለግላል፤ ሲቋረጥ የሚሰማው ሕመምም ይመሳሰላል።

ሦስተኛው የእንስሳው ንጹሕነትና ዝምታ ነው። እንስሳ አላማንም፣ አልከዳንም፣ ቂም አልያዘብንም። የት ጋ እንደሚያመውም ሊነግረን አይችልም። በዚህ ምክንያት የእንስሳ ሐዘን ብዙ ጊዜ ከጸጸት ጋር ይመጣል። «ቀደም ብዬ አሳክሜው ቢሆን»፣ «በዚያ ሌሊት አስገብቻት ቢሆን» የሚለው ሐሳብ ሰውን ዕረፍት ይነሣዋል። በእጃችን ያለ አማና ስለነበረ በእኛ ጉድለት የጠፋ ይመስለናል።

አራተኛው ሐዘኑ ብቻችንን የምንሸከመው መሆኑ ነው። ሰው ሲሞትብን ጎረቤት ይመጣል፣ ድንኳን ይጣላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቡናው ይፈላል። እንስሳ ሲሞትብን ግን «በከብት ይለፍ» ተብሎ በአንድ ቃል ይዘጋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ዶካ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ፣ ማኅበረሰቡ ዕውቅና የማይሰጠው ሐዘን ራሱን የቻለ ስም እንዲኖረው አድርገዋል። ሐዘንተኛው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ አንዴ ባጣው፣ አንዴ ደግሞ በማፈሩ። ያልወጣ ለቅሶ ውስጥ ለውስጥ ይከብዳል።

ጦርነት ሲጨመርበት

በሰላም ጊዜ የሞተ እንስሳ ሐዘን ካለው፣ በጦርነት የሞተው ለምን ይበልጥ ይከብዳል? በጦርነቱ ውስጥ ወገን ስለሌለው ነው። ሰው በጦርነት ሲሞት ገዳዩ «ጠላቴ ነበር» ይላል። አህያ ግን የማንም ጠላት አይደለችም።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱት ፈረሶች፣ በቅሎዎችና አህዮች 8 ሚሊዮን ገደማ እንደሚደርሱ ይገመታል። ከአውስትራሊያ ብቻ ከ130 ሺህ በላይ ፈረሶች ወደ ጦር ሜዳ ተልከው ነበር፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በሲና በረሃ፣ በጋዛና በፍልስጤም ምድር ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ የተመለሰው ፈረስ አንድ ብቻ ነበር። ወታደሮቹ በረሃውን አብረው ያቋረጡትን ፈረስ ይዘው እንዲመለሱ አልተፈቀደላቸውም። ያረጁት ተገደሉ፤ የቀሩት ለሌላ ጦር ተላለፉ።

ከጦርነቱ የተረፉና የተሸጡ ፈረሶች በካይሮ ጎዳናዎች ላይ ሸክም ሲጎትቱ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1930 ዶሮቲ ብሩክ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መኮንን ሚስት ካይሮ ስትደርስ አጥንታቸው ወጥቶ አገኘቻቸው። በማግስቱ ዓመት ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በጻፈችው ደብዳቤ ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም 5 ሺህ ያህል ፈረሶች ተገዙ። ብዙዎቹ ከመዳን ያለፉ ነበሩና ከሥቃያቸው እንዲያርፉ ተደረገ። በ1934 በካይሮ የእንስሳት ሆስፒታል ተቋቋመ። ያ ሆስፒታል ያስገኘው «ብሩክ» የተባለ ድርጅት ዛሬ በኢትዮጵያም ለአህዮችና ለጋሪ ፈረሶች ይሠራል። አገራችን 10 ሚሊዮን ገደማ አህያ ይዛ ከዓለም ቀዳሚ መሆኗን ስናስብ፣ በጦር ፈረሶች ላይ የተነሣ ሐዘን ከ90 ዓመት በኋላ የኛን ገበሬ ደጃፍ መድረሱን እናያለን።

ወደ ካቡል እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1978 ከጀርመን የመጣ ማርጃን የተባለ አንበሳ በከተማዋ የእንስሳት ማቆያ ይኖር ነበር። በ1990ዎቹ ጦርነት አንድ ታጣቂ ድፍረቱን ለማሳየት ወደ አንበሳው ገብቶ ተገደለ። በማግስቱ ወንድሙ መጥቶ የእጅ ቦምብ ወረወረ። ማርጃን ዓይኑን አጥቶ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ኖረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ሲሞት የካቡል ሰው አዘነለት፤ ሐውልትም ቆመለት። ያ ከተማ በዚያ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎቹን ቀብሯል። ሕዝቡ ለአንበሳው ያዘነው እነሱን ረስቶ አልነበረም። ታውሮ፣ ተርቦ፣ ግን ሳይሄድ የቀረው እንስሳ የራሳቸው ምስል ሆኖባቸው ነው። ስለ ራሱ ማልቀስ ያቃተው ሰው በአንበሳው በኩል አለቀሰ።

በሶሪያዋ ሐለብ ደግሞ ሙሐመድ ዐላእ አልጀሊል የተባለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጦርነቱ ሲጀመር የአምቡላንስ ሾፌር ሆነ። ቁስለኛ እያነሣ በሚመላለስበት ሰፈር፣ የተሰደዱ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱ ድመቶችን መመገብ ጀመረ። በጣልያን የምትኖር አንዲት ሴት ረድታው ለድመቶቹ መጠለያ ከፈተ፤ መጠለያውም በሞተባት ድመቷ ስም «ኤርኔስቶ» ተባለ። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ በቦምብ ተመታ። እሱ ግን ከሐለብ ውጭ እንደገና ከፈተው። ያው ሰው በአንድ እጁ ሰው ያነሣል፣ በሌላው ድመት ይመግባል። አንዱ ሌላውን አልከለከለውም።

በጋዛ ደግሞ ነዳጅ ሲቋረጥ ቁስለኛውንም፣ ውኃውንም፣ ተፈናቃዩንም የተሸከመው የአህያ ጋሪ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መረጃ መሠረት ከግዛቲቱ የቀንድ ከብት 95 በመቶ ያህሉ አልቋል። እዚያ አህያው የሞተበት አባት ያጣው የቤተሰቡን የመጨረሻ መሸሻ ነው። የሱን እንባ ቅንጦት የሚለው ሩቅ ሆኖ የሚያይ ሰው ብቻ ነው።

«ከሰው ይልቅ ለእንስሳ» የሚለው ወቀሳ

ይሁንና ወቀሳው ሙሉ በሙሉ መሠረት የለውም ማለት አንችልም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 256 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አሳትፏል። ተማሪዎቹ ስለ ተደበደበ ተጎጂ የተጻፈ የፈጠራ ዜና ተሰጣቸው፤ ተጎጂው ለአንዳንዶቹ ሕፃን፣ ለአንዳንዶቹ ዐዋቂ ሰው፣ ለሌሎቹ ቡችላ ወይም ትልቅ ውሻ ነበር። ለሕፃኑ፣ ለቡችላውና ለትልቁ ውሻ የታየው ርኅራኄ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከሁሉ ያነሰ የታዘነለት ዐዋቂው ሰው ነው። ምክንያቱ ሰው ሰውን መጥላቱ እንዳልሆነ ከሕፃኑ ውጤት መረዳት ይቻላል። ልባችን ራሱን መከላከል ለማይችል ይበልጥ ይራራል።

ሌላም ነገር አለ። ፖል ስሎቪች የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዳሳዩት፣ ሰው ስሟና ፊቷ ለታወቀ አንዲት ልጅ የሚሰጠው እርዳታ ለሚሊዮኖች ቁጥር ከሚሰጠው ይበልጣል። ቁጥር ሲበዛ ልብ ይደነዝዛል። በቀን መቶ ሰው መሞቱን ለወራት የሰማ ሰው አንዲት የቆሰለች ፈረስ ሲያይ ድንገት የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። የተዘጋው በር በዚያች ፈረስ በኩል ተከፈተ።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። በሩ ከተከፈተ በኋላ ወዴት እንሄዳለን? ለድመቷ አልቅሰን፣ ባለቤቷን ልጅ ረስተን ከቀረን ወቀሳው ይገባናል። ለአንበሳው አዝነን፣ የሚቀልበው ጠባቂ ደመወዝ ሳይከፈለው መክረሙን ካልጠየቅን እዝነታችን ጎደሎ ነው። እዝነት ግን እንደ ዳቦ ተቆርሶ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በትክክል ከሠራ ከእንስሳው ይጀምርና ወደ ሰው ይሻገራል።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና

ቁርአን በሱረቱል አንዓም ቁጥር 38 ላይ በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በክንፍ የሚበሩ አዕዋፍ እንደኛው ማኅበረሰቦች መሆናቸውን ይነግረናል። በሱረቱ ነሕል መጀመሪያ ላይም የከብቶችን ጥቅም ሲዘረዝር ከጭነትና ከምግብ ጋር ውበታቸውን ይጠቅሳል፦ ጠዋት ሲሰማሩ፣ ማታ ሲገቡ። ማታ ከብት ሲገባ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ትንሽ ልጅ ሳለ የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው። ሞተችበትና አዘነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲገቡ ልጁን አይተው ስለ ወፏ በስሙ እየጠሩ ጠየቁት፤ አጫወቱት። ይህን ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የአንድ ከተማ አስተዳደር፣ የጦርና የሰላም ጉዳይ በትከሻቸው ላይ የነበረ ሰው የአንድ ሕፃን የወፍ ሐዘን ትንሽ አልመሰላቸውም።

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ፣ በአንድ የአንሷር ሰው የአትክልት ቦታ የነበረ ግመል ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲያይ አቃሰተ፤ ዓይኑም አነባ። ጀርባውንና ከጆሮው ኋላ ዳብሰው አረጋጉት፤ ከዚያም ባለቤቱን ጠርተው፣ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ግመሉ ስሞታ ማቅረቡን ነግረው አላህን እንዲፈራ አስጠነቀቁት። በጉዞ ላይ ሳሉም ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ስትርገበገብ አይተው ልጆቿ እንዲመለሱላት አዘዋል።

ጦርነትን በተመለከተም መመሪያው ግልጽ ነው። አቡበክር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ለሚዘምተው ጦር አዛዥ በሰጡት ትእዛዝ፣ ሴት፣ ሕፃንና ሽማግሌ እንዳይገደል ከማለታቸው ጋር በግና ግመል ከምግብ ፍላጎት ውጭ እንዳይታረድ አዘዋል፤ ይህ በኢማም ማሊክ ሙወጧእ ውስጥ ይገኛል። አልዋቂዲም በዘመቻ ታሪኮች መጽሐፋቸው እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስምንተኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ መካ ሲጓዙ ቡችሎቿን የምታጠባ ውሻ በመንገድ ላይ አይተው፣ ሠራዊቱ እንዳይረብሻት ጁዐይል ኢብኑ ሱራቃን ጠባቂ አድርገው አቆሙላት።

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ይነሣል፦ «ታዲያ ለምን እናርዳለን?» ለዐረፋ የተገዛውን በግ ለሳምንት ሣር እያበላ ከርሞ በዒዱ ጠዋት የሚያለቅስ ልጅ በየቤታችን አለ። ሸሪዓ ማረድን ሲፈቅድ ልብ ድንጋይ ይሁን አላለም። ቢላው እንዲሳል፣ እንስሳው እንዲመቸው አዝዟል። ስለዚህ የልጁ እንባ ከኢባዳው ጋር አይጋጭም። ልጁን «ወንድ ልጅ ለበግ አያለቅስም» ብሎ ከማሳፈር ይልቅ ለምን እንደሚታረድና ሥጋው ለማን እንደሚደርስ ማስረዳት ይሻላል።

ሐዘን ወሰንም አለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አንብተዋል፤ እንባውም እዝነት መሆኑን ተናግረዋል። ነገር ግን ደረት መድቃት፣ ልብስ መቅደድና በአላህ ውሳኔ ማማረር ለሰው ሞት ከተከለከለ ለእንስሳ ሞት ይበልጥ አይፈቀድም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እንስሳ ለሞተበት ሰው የመጀመሪያው ነገር ሐዘኑን አለመናቅ ነው። «አላህ ይተካህ» ብሎ መቀመጥና ስለ እንስሳው ሲያወራ መስማት ይበቃል። በሬው ወይም ላሙ የሞተችበት ጎረቤት ከሆነ፣ ለእርሻው ጊዜ በሬ ማዋስ ወይም ተሰባስቦ መተካት ከማጽናናት ቃል ሁሉ ይበልጣል። በጦርነት ወይም በድርቅ ከብት ላለቀበት ወገን የምናደርገው ሰደቃም ከምግብ እርዳታው በተጨማሪ ጊደርና ፍየል መተካትን ቢያካትት፣ ሰውየውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ልጅ ከሆነ ሞቱን አንደብቀው። «ጠፋች» ከማለት «ሞተች» ብሎ እንዲቀብራት መርዳት ይሻላል። የራሳችን ሐዘን ሲሆን ደግሞ ጸጸቱን በሕይወት ላሉት እንክፈለው። በየመንገዳችን ጀርባው ቆስሎ ሸክም የሚጎትት አህያ፣ በጅራፍ የሚገረፍ የጋሪ ፈረስ፣ በድንጋይ የሚወገር ውሻ አለ። ድመት አስራ በረኃብ የገደለች ሴት መቀጣቷን፣ ለተጠማ ውሻ ውኃ የቀዳ ሰው መማሩን የሚያውቅ ሙስሊም እነዚህን አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

በቂያማ ቀን ቀንድ የሌላት በግ እንኳ ቀንዳሟ የወጋቻትን እንደምትበቀል ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሮናል። ለበጎች ግፍ ፍርድ የሚሰጥ ጌታ የሕፃናቱን ደም አይረሳም። የጦርነት ምስል ሲያስለቅሰን፣ ያለቀስነው ለአህያም ይሁን ለባለቤቱ፣ እንባውን አንፈርበት። ነገር ግን እንባው ሲደርቅ እጃችን ወደ ኪሳችን፣ አንደበታችን ወደ ዱዓና ለተበደሉት ወደ መናገር ይሂድ።

ወሏሁ አዕለም።